ለእሺ አራት ገጽ

ዌስ ዱሻክ ደብዳቤው በደረሰው በሰባተኛው እሑድ፣ ደብዳቤውን በደረት ኪሱ እንደያዘ፣ ከጻፈችለት ሴት ጋር በሕዝብ ፊት ሊከራከር ወደ ታምሊን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መመገቢያ አዳራሽ ገባ። ደብዳቤው ምን እንደሚል አያውቅም። እሱ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ምን እንደሚልም አያውቅም። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያስፈራው ቢጠየቅ፣ እሱንም አያውቅም።

ማንበብ የማይችል ሰው አይደለም፤ የእርሻ ማሽን ጠጋኝ ነው። የኮምባይነር መመሪያ፣ ስምንት መቶ ገጽ፣ ከነብሎኑ ቁጥር በቃሉ ይወጣዋል። ማርጎ ሄልግረን ግን የጻፈችለት በመመሪያ ፊደል አልነበረም። ፊደሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዱ የሌላውን ጅራት ጨብጦ፣ ገጹን ሁሉ እንደ ሐረግ የሚስቡበት የድሮው የእጅ ጽሕፈት ነው። የታምሊን ትምህርት ቤት ያንን ማስተማር ያቆመው ዌስ ሦስተኛ ክፍል በገባበት ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ የከተማው ልጅ ሁሉ ፊደሉን ነጣጥሎ እየጻፈ፣ ፊርማ ሲጠየቅ ብቻ የታመመ ትል የመሰለ ነገር እየሳለ አደገ። ማርጎ ግን እንዲህ አላደገችም። የእህል ጎተራው ባለቤት የሮላንድ ሄልግረን ልጅ ስለሆነች፣ ዱቡክ ከተማ መነኩሲቶቹ ሲስተሮች ዘንድ አዳሪ ገብታ ነው የተማረችው። የሲስተሮቹ ተማሪ ደግሞ የገበያ ዝርዝር እንኳ የሠርግ ጥሪ አስመስላ ነው የምትጽፈው።

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ፣ በጎተራው በር ላይ ካለው የመኪና ሚዛን ነው። እህል የጫነ ሁሉ እዚያ ይቆማል፤ ሾፌሩ ይወርዳል፤ ማርጎ በመስኮቷ ቁጥሩን ትመዘግባለች። በመከር ወቅት የገበሬዎቹን እህል የሚያመላልሰው ዌስ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይወርድ ነው የተመዘነው።

«አንተ ቅባታም፣ ውረድ፤ በቆሎ አይደለህም» ትለዋለች በመስኮት።

«ስወርድ አታይኝም» ይላታል።

አንድ ቀን ታዲያ ወረደ። ሚዛኑ ላይ እንደቆመ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ታገቢኛለሽ ወይ አላት። ማርጎ ቀላች፣ ነጣች፣ ከዚያ እንዲህ አለችው፦ «መልሱን በጽሑፍ እሰጥሃለሁ። አፌ በአባቴ ቤት ነው ያደገው፣ ሳያስብ ይናገራል። እጄ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ፦ አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትደውልልኝ፤ እንዳትመጣም።»

ዌስ እሺ አለ። ዌስ እሺ ካለ እሺ ነው። ደብዳቤው ረቡዕ ቀን በሰማያዊ ፖስታ መጣ፤ ከፈተው፤ በዚያው ቆመ። ያልጀመረውን እንዴት ይጨርስ?

ለምን አልነገራትም ለሚል ሰው፣ መልሱ አጭርና አሳፋሪ ነው። ባለፈው ዓመት በልደቱ ቀን ካርድ ሰጥታው ነበር፤ እሱም ትክ ብሎ አይቶ «ጽሕፈትሽ እንዴት ያምራል» ብሏት ነበር። ሰው አስነብብ እንዳይባል ደግሞ ያንን ጽሕፈት የሚያነቡት የታምሊን ሰዎች ሁሉ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ሠላሳ ያለፈው ሰው በታምሊን ያነበበውን ከምሳ በፊት የማያወራ አልተፈጠረም። ስልኩንም ሞክሮ ነበር። ፎቶ አንስቶ አንብብልኝ ቢለው ስልኩ ሦስቴ አስቦ የበቆሎ ሾርባ አሠራር አወጣለት።

ስለዚህ የቀረው መገመት ነበር። ገጾቹን ቆጠረ። አራት። ለእሺ አራት ገጽ አያስፈልግም፤ እሺ ለማለት የቁራሽ ወረቀት ጥግ ይበቃል። አራት ገጽ የሚፈጀው፣ ጨዋ ሰው እምቢ ሲል ነው።

ይህ ግምት በሳምንቱ ማረጋገጫ አገኘ። ዌስ ደብዳቤው ሳይመጣ ገና፣ በትምህርት ቤቱ ቦርድ ለተከፈተው አንድ ወንበር ተመዝግቦ ነበር። ቦርዱ የአሽ ክሪክ መስመርን የተማሪ አውቶቡስ ሊሰርዝ ነው ሲባል ሰምቶ ነው፤ ልጅ እያለ በዚያ መስመር ጠዋትና ማታ ተመላልሷል። ተወዳዳሪ አልነበረውም። ምዝገባው በሚዘጋበት ሐሙስ፣ ሊዘጋ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው፣ ማርጎ መጥታ ለዚያው ወንበር ፈረመች። ጸሐፊዋ ምነው ብትላት «አንድ ጥያቄ የምጠይቀው ሰው አለ» ብላ ወጣች። ከተማው ይህንን ከቡናው ጋር እያዟዟረ ጠጣው፤ ማንም አልገባውም። ዌስ ግን ገባኝ አለ፤ የእምቢታው አምስተኛ ገጽ መሆኑ ነው።

የእሷ ዋና ሐሳብ ተያይዞ የሚጻፈው ጽሕፈት ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለስ የሚል ነበር። በየግቢው ሣር ላይ የተከለችውን የምርጫ ሰሌዳ ሳይቀር በዚያው ጽሕፈት አሳተመችው፤ ከሠላሳ ዓመት በታች ያለው ሕዝብ አዲስ ኬክ ቤት የተከፈተ መስሎት ነበር። የአካባቢው ጋዜጣ ዌስን ምን ትላለህ ቢለው፣ ሆድ የባሰው ሰው ነውና «ማንም የማያነበውን ነገር መጻፍ ምን ይጠቅማል?» አለ። ጋዜጣው በወጣ ማግስት የማርጎ ሰሌዳ በእጥፍ ጨመረ፤ አንዱ ከዌስ ጋራዥ ፊት ለፊት ተተከለ።

እንግዲህ አሁን ከጎኗ ሊቀመጥ ነው።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሁሉም እንደ ደንቡ በአንድ እጁ የባቄላ ወጡን፣ በሌላው ቀረፋ የተነሰነሰበትን ጥቅል ዳቦ ይዟል። ከፊት ረድፍ ሮላንድ ሄልግረን በሁለት ወንበር ስፋት ተቀምጠዋል። ማርጎ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች፤ ሳህኗ አልተነካም።

«ሰላም ማርጎ» አለ ዌስ።

«አቶ ዱሻክ» አለችው።

ቅባታም ብትለው ምን ነበረበት። ዓይኗ ግን ከፊቱ ወርዶ ከደረት ኪሱ በወጣችው የሰማያዊ ፖስታ ጫፍ ላይ አረፈ፤ ቆየ፤ ተነሣ። እዚያ ዓይን ውስጥ ያየው ንዴት ይሁን ሌላ ነገር ሊለይ አልቻለም። እምቢ ያለች ሴት እንዲህ አታይም። እሺ ያለችም እንዲህ አታይም።

መድረኩን የያዙት ሚስ ቬርና ነበሩ፤ የዌስ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ እንቁላል የሚቀቅሉበትን ሰዓት ይዘው የመጡ። «ደንቡን ስሙ» አሉ። «ለአንድ መልስ ሁለት ደቂቃ። ተወዳዳሪዎች እርስ በርስ አይነጋገሩም። የሚባል ነገር ካለ በእኔ በኩል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እጅ ጽሕፈት ነው። ማርጎ።»

ማርጎ ተነሣች። ልጆች የአያቶቻቸውን ደብዳቤ ማንበብ አቅቷቸዋል፣ የጓዳ መሳቢያ ሁሉ መቃብር ሆኗል፣ አለች። በደንብ ጀምራ ነበር። ከዚያ ወደ አወያይዋ ዞረች።

«ሚስ ቬርና፣ ለተወዳዳሪዬ አንድ ነገር ያስተላልፉልኝ። በጋዜጣ ማንም የማያነበው ብለዋል። ደርሷቸው፣ አንብበው፣ ዝም ካሉ፣ ጥፋቱ የጽሕፈቱ አይደለም።»

«ዌስሊ፣ ደርሶህ አንብበህ ዝም ካልክ ጥፋቱ የጽሕፈቱ አይደለም ትላለች።»

«ሰምቻለሁ ሚስ ቬርና። አጠገቧ ነው ያለሁት።»

«ደንብ ደንብ ነው። መልስ አለህ?»

«ዝም ያልኩት ዝም በል ስለተባልኩ ነው ይበሉልኝ።»

«አንብቦ እስኪጨርስ ነው የተባለው!» ማርጎ ወደ ሚስ ቬርና እያየች ነው የምትናገረው፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል። «አራት ገጽ ስንት ወር እንደሚፈጅ ይጠይቁልኝ።»

ማንኪያዎች ቆሙ። ነገሩ የአሽ ክሪክ አውቶቡስ እንዳልሆነ አዳራሹ መጠርጠር ጀመረ። ኤልመር የሚባሉ ጡረተኛ ገበሬ ወንበራቸውን ወደፊት ሳብ አደረጉ።

ሚስ ቬርናም ጠርጥረው መሰል፣ ቶሎ ብለው የካርዶቹን ቅርጫት አነሡ። «አሁን የሕዝብ ጥያቄ። ካርድ ታወጣላችሁ፣ ጮክ ብላችሁ ታነባላችሁ፣ ትመልሳላችሁ። ዌስሊ።»

ዌስ እጁን ሰደደ፤ ካርድ አወጣ፤ አየው።

ፊደሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው። መልሶ ገለበጠው። የእንቁላሉ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። እንደ ኬክ ቤት ሰሌዳ ነው የሚያየው፤ ያማረ፣ የተጠማዘዘ፣ ዝም ያለ። ሌላ ላውጣ ቢል? ሌላውም ያው ይሆናል፤ ጥያቄ ጽፎ የሚመጣው ሽማግሌ ነው። እሷ ከጎኑ እያየችው ነው።

«ምነው ዌስሊ?»

«ማንበብ አልችልም» አለ።

«መነጽሬን ስጡት» አሉ ኤልመር፤ አዳራሹ ሳቀ።

«ዓይኔ ደህና ነው ኤልመር። ፊደሉን ነው።» ዌስ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መመለሻ የለውም፤ ፍሬን የተበጠሰበት መኪና ውስጥ ያለ ሰው ቀጥ አድርጎ እንደሚነዳው ነዳው። «ሚስ ቬርና ክፍል ስንገባ በመጀመሪያው ቀን ከሰሌዳው በላይ ያለውን የተያያዘ ፊደል አሳዩን። ገና ሲደርስ በዚህ ነው ለእናቶቻችሁ የምትጽፉት አሉን። ከዚያ ቦርዱ አስቀረው። ኅዳር ላይ ይመስለኛል።»

«ጥቅምት» አሉ ሚስ ቬርና። «ጥቅምት አሥራ አራት። አራት ድምፅ ለአንድ።»

ወደ ማንም አላዩም። አዳራሹ ግን አንድ ላይ ወደ ሮላንድ ሄልግረን ዞረ፤ ያኔ የቦርዱ ሰብሳቢ እሳቸው ነበሩ።

ሮላንድ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ጊዜው የኮምፒውተር ነው ተብሎ ነበር።»

«የእኛን ልጆች በኮምፒውተር፣ የአንተን ልጅ በሲስተሮቹ» አሉ ሚስ ቬርና፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ከዚያ አወያይ መሆናቸው ትዝ አላቸውና የእንቁላሉን ሰዓት አስተካከሉ።

ማርጎ ግን ይህን ሁሉ የሰማች አትመስልም። ካርዱን ታያለች፤ ኪሱን ታያለች፤ ካርዱን ታያለች።

«ቆይ» አለች፣ በቀጥታ ለእሱ። ሚስ ቬርና አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። «አላነበብከውም?»

«አላነበብኩትም።»

«አንድ ገጽ እንኳ?»

«ስሜን ለይቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ስላለ። አራት መሆኑንም ቆጥሬያለሁ። ለእሺ አራት ገጽ አያስፈልግም ብዬ…»

«ጽሕፈትሽ ያምራል ብለኸኝ አልነበር?»

«ያምራል እኮ። ሥዕልም ያምራል፤ ግን ሥዕል አንብብ የሚል ሰው የለም።»

«ለምን አትነግረኝም ታዲያ?»

«የጎተራው ልጅ በእጇ ስትጽፍልኝ፣ ፊደል አልቆጠርኩም ልበልሽ?»

ማርጎ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከሩቅ ያለው ሰው ሊለይ አይችልም፤ አጠገቧ ያለው ዌስም አልለየም።

በዚህ መካከል የታምሊን ሕዝብ ደግነቱ ተነሣበት። «አምጣው እኔ ላንብበው» አሉ ኤልመር። «የኔ ድምፅ ይሻላል» አለች አንዲት የመዘምራን አባል። የተነሣው እጅ ከየትኛውም ድምፅ መስጫ በላይ ነበር። ዌስ ኪሱን በመዳፉ ከደነ። መጨረሻ ላይ ሮላንድ ሄልግረን ራሳቸው ተነሡ።

«ልጄ ምን ብላ ነው የጻፈችው?»

«የተጻፈው ለአንተ አይደለም አባባ» አለች ማርጎ። ከዚያ ወደ ዌስ ዞረች፤ ድምጿ ዝቅ አለ። «ማንም አያነብልህም። እኔም አላነብልህም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ደብዳቤው ላይ ቀን አልጻፍኩም።»

ካፖርቷን አንሥታ ወጣች። ዌስ ቀን አልጻፍኩም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እያሰላሰለ፣ ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ የማያውቅ ብቸኛ ተወዳዳሪ ሆኖ ቀረ።

ሚስ ቬርና ካርዱን አንሥተው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «የወንዶች ሽንት ቤት በር መቼ ነው የሚጠገነው? ይላል» አሉ።

«ነገ ጠዋት» አለ ዌስ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል። «እኔ ራሴ እጠግነዋለሁ።»

ያን ቀን የተጨበጨበው ለዚያ መልስ ብቻ ነው።

ሚስ ቬርና በኮሪደሩ ክንዱን ይዘው የሦስተኛ ክፍልን በር ከፈቱለት። ከሰሌዳው በላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የተያያዘው ፊደል ከተነጣጠለው አቻው ጋር አሁንም ተለጥፎ ነበር፤ ወረቀቱ ወይቧል።

«አልወረደም?»

«ውሳኔው ማስተማር ይቁም ይላል እንጂ ይውረድ አይልም» አሉ ሚስ ቬርና። «ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ቁጭ በል። ያቋረጥከው እዚህ ነው።» በሩን ዘግተውለት ሄዱ።

ዌስ ከጉልበቱ በታች በሆነች ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀመጠና ደብዳቤውን ዘረጋ። አንድ ፊደል ከወረቀቱ፣ ቀና ብሎ አቻውን ከግድግዳው። አንድ ፊደል ከወረቀቱ፣ ቀና ብሎ ከግድግዳው። የመጀመሪያው ገጽ ስለ አባቷ ይጀምራል፤ አራት መስመር ለማንበብ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። የግድግዳው ሰዓት ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ይላል። ያን ጊዜ የሙያው ልማድ አዳነው፤ መመሪያ ሲያነብ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው፣ ማሽኑ ሲበላሽ ምን ይደረግ የሚለው የሚገኘው እዚያ ነውና። አራተኛውን ገጽ አወጣ።

«እሑድ» የሚለውን ቀድሞ ለየ። ከዚያ «ሚዛን»ን። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ፊደሎቹ አንድ በአንድ እጃቸውን እየለቀቁለት፦

«…እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሚዛኑ ላይ ቁም። ከነመኪናህ አይደለም፣ በእግርህ። ቁጥሩን በመስኮቴ ሳየው ወርጄ ከጎንህ እቆማለሁ፤ አባቴም ቢያይ ይይ። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ግን ገባኝ ማለት ነው፤ ዳግመኛ አልጠይቅህም።»

ዌስ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሰባት እሑድ። ስድስቱን ጋራዡ ውስጥ ከመኪና ሥር ተኝቶ፣ እምቢ ተባልኩ እያለ ነው ያሳለፋቸው። እሷም በመስኮቷ ዜሮ እያየች፣ እምቢ ተባልኩ እያለች። ደስ ይበለው፣ ይፈር፣ ወይስ ይሩጥ? ለዘጠኝ ስምንት ጉዳይ ስለነበር ሮጠ።

ጎተራው እሑድ ከሰዓት ዝግ ነው። የበቆሎ ገለባ በነፋስ ይሽከረከራል። ዌስ የሚዛኑ ብረት ላይ ወጥቶ በመካከሉ ቆመ። ከመስኮቱ በላይ ቀዩ ቁጥር ብልጭ ብሎ ረጋ፦ 180 ፓውንድ። መስኮቱ ባዶ ነው። መኪናዋም የለም። ደብዳቤው ላይ ቀን አልጻፍኩም ያለችው ዛሬም ይሠራል ለማለት ነው፣ ወይስ እሑዶቹ ሁሉ አልፈዋል ለማለት? ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ከአምስት ሆነ። እሺ የሚለውን ቃል እኮ ደብዳቤው ውስጥ አላገኘውም። ይህን ያህል ደክሞ፣ አላገኘውም።

ቁጥሩ ብልጭ አለ። 320።

«እንዳትዞር» አለች ከጀርባው። «መጀመሪያ ቁጥሩን ልየው። ይህንን ቁጥር ለማየት ስንት እሑድ እንደጠበቅኩ አታውቅም። ከእኔ የመጣው ስንት እንደሆነ ግን ቀንሰህ ለሰው ብትናገር እገድልሃለሁ።»

«ማርጎ፣ እሺ የሚለውን አጣሁት።»

«ስንት ገጽ አነበብክ?»

«አንድ። የመጨረሻውን።»

«እሺ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው» አለች፤ ግንባሯ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ተሰማው። «ትደርስበታለህ።»

ዌስ ሊመልስ ሲል ቁጥሩ በድንገት ወደ ሦስት ሺህ ዘለለ። ሁለቱም ዞሩ። የሮላንድ ሄልግረን ፒካፕ የፊት ጎማዎቹን ሚዛኑ ላይ አውጥቶ ቆሟል፤ ሞተሩ አልጠፋም። ሽማግሌው መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩአቸዋል። አልወረዱም። ጥሩንባም አልነፉም። ማርጎ የዌስን እጅ ፈልጋ ያዘች፤ እጁ ላይ ያለው ቅባት እጇን ሲነካት አልጠረገችውም።

ብዙ ከቆዩ በኋላ ሮላንድ ማርሹን ወደ ኋላ አስገቡ። መኪናው ቀስ ብሎ ከብረቱ ወረደ። ቁጥሩ ተመለሰ፦ 320።

«ይህ እሺ ነው እምቢ?» አለ ዌስ።

«አላውቅም» አለች ማርጎ፣ እጁን ሳትለቅ። «አባቴ አይጽፍም።»

«ማክሰኞስ? ምርጫው?»

«ማክሰኞ አሸንፍሃለሁ።»

ዌስ ቁጥሩን አየ። ማክሰኞ ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ፣ የሽማግሌው ፒካፕ ወዴት እንደዞረ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ከእሺ በፊትና በኋላ ምን እንደተጻፈ፣ አንዱንም አያውቅም። ስለ ራሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዲህ ግራ ገብቶት ቆሞ ሳለ፣ ከዚያ ብረት ላይ ውረድ የሚለው ሰው እንዳይመጣ መፍራቱን።